ምንም የለበትም

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቢራ ባፌ ዞሮ አያውቅም። ልጄ ግን ቢራ ፋብሪካ ጥራት ክፍል ትሠራለች፣ ለቢራ ዳኝነትም ልትፈተን ነው። ዳኛ ማለት ቀምሶ «ይሄ ቅቤ ቅቤ ይላል፣ ያኛው የረጠበ ካርቶን ይሸታል» ብሎ ጉድለቱን በስሙ የሚጠራ ሰው ነው። ጎረቤቶቼ «ለመጠጣትም ፈተና አለ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የሰፋሁላቸውን ሱሪ እንኳ ፊትና ኋላውን ለይተው አያውቁም።

አምና ወድቃለች። የጣላት ምላሷ አልነበረም፤ ትክክለኛውን ከጻፈች በኋላ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ፊቱን ሲያጨማድድ አይታ ሰረዘችው። ዘንድሮም ከወደቀች ፋብሪካው ሌላ ሰው ነው የሚልከው። 

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት የስፌት ጠረጴዛዬን ጠርጌ ፈታኝ ሆንኩ። ከመሥሪያ ቤቷ ያመጣቻቸው ስድስት ትንንሽ ብልቃጦች አሉ፤ ከእያንዳንዱ አንድ ጠብታ ቢራ ውስጥ ሲገባ የየራሱን ጉድለት ይሰጠዋል። እሷን በረንዳ አስወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ስድስት ብርጭቆ ደርድሬ፣ ከሥራቸው በጠመኔ ቁጥር የጻፍኩበት ቁራጭ ጨርቅ አነጠፍኩ። ቢራውን ቀዳሁ፤ ቁመቱ እኩል እንዲሆንም በሜትር ለካሁት። ምን ላድርግ፣ ሙያዬ ነው። መልሱን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ አንደኛው ቅቤ፣ ሁለተኛው የተቀቀለ በቆሎ፣ እያልኩ እስከ ስድስተኛው።

ገባች። አሸተተች፣ ተጎነጨች፣ ተመልሳ ቀመሰች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። በመጨረሻ ወረቀቷን ሰጠችኝ። ለስድስቱም የጻፈችው «ምንም የለበትም» የሚል ነው።

ደሜ ፈላ።

«ከስድስት ዜሮ» አልኳት።

«አባዬ፣ ንጹህ ነው እኮ።»

«እኔ ራሴ ያዘጋጀሁትን ልትነግሪኝ ነው? መልሱ ይኸው ተጽፏል።»

ደብተሩን አየችው። እስክሪብቶዋን አነሳች፤ በቃ ልትሰርዝ ነው አልኩ በሆዴ። መልሳ አስቀመጠችው።

«ደብተሩ ምንም ይበል። እኔ የቀመስኩት ይሄን ነው» አለች ዓይን ዓይኔን እያየች።

«ግትር! በእናትሽ ወጣሽ» አልኳት፤ በማን እንደወጣች ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቅም። በንዴት ሜትሬን የጋዋኔ ኪስ ውስጥ ልከት እጄን ስሰድ፣ ብልቃጦቹ እንደታሸጉ እዚያው ናቸው። ልኬቱ ላይ ተጠምጄ ጠብታውን ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

ክው አልኩ። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ፊቷ ደረደርኩላት። ጠረጴዛውን ተደግፋ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ሆዴ ግን ቅቤ ጠጥቷል። የገዛ አባቷ ተቆጥቶ ያላስለወጣትን መልስ ማን ያስለውጣታል?

የፈተናው ቀን አዳራሹ ደጃፍ ቆሜ ጠበቅኋት።

«አራተኛው ንጹህ ነበር» አለችኝ ስትወጣ። «ግራና ቀኜ ያሉት ግን ጉድለት ሲጽፉበት አየሁ።»

«አንቺስ? ሰረዝሽ?»

«ላንተ ያልሰረዝኩትን ለማን ብዬ ነው የምሰርዘው?»

ውጤቱ የመጣው በሳምንቱ ነው፤ አልፋለች። ሳምንቱን ሙሉ ግን ልኬት ሊሰጥ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ «ልጄ የቢራ ዳኛ ናት» እያልኩ ስለሰነበትኩ፣ ወሬው ለማንም አዲስ አልሆነም።