ሀፍሷ የሣለችው ሰልፍ

ፀደንያ መሳለሚያ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለዘጠነኛ ክፍል ታሪክ ታስተምራለች። በዚያ ሰሞን ወደ ክፍል ያመጣችው መጽሐፍ፣ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ለእኩልነት የታገለችበትን ዘመን ራሷ በሥዕል የተረከችበት ነበር። ለአርባ ስምንት ተማሪ ስድስት ኮፒ ብቻ ስለነበራት ልጆቹ ስምንት ስምንት ሆነው አንድ ገጽ ላይ ይደፋሉ። ክፍሉ እንደዚያ ጸጥ ብሎላት አያውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ሀፍሷ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። አያቷም በወጣትነታቸው ለመብት ሰልፍ ወጥተው እንደነበር፣ ቤት ውስጥ ግን እንደማያወሩት ተናገረች። ፀደንያ የትኛው ሰልፍ እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች ከክርስቲያን ደጋፊዎቻቸው ጋር የሃይማኖት እኩልነት የጠየቁበት ነው።

"እሱን ደግሞ አንቺ ሣይልን" አለቻት።

የሀፍሷ አያት ሐጂ ሙናዊር መርካቶ ውስጥ ክርና ቁልፍ ይሸጣሉ። ሀፍሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ብትጠይቃቸው፣ ያለፈ ነገር ነው እያሉ ወደ ደንበኛቸው ይዞራሉ። እሷም መጠየቁን ትታ ሰልፉን ከራሷ ምናብ ሣለችው። በአራተኛው ቀን ባሳየቻቸው ገጽ ላይ ሐጂ ሙናዊር መፈክር ከፍ አድርገው ሰልፉን ይመራሉ።

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"ይሄ እኔ አይደለሁም" አሉ። "እኔ ከኋላ ነበርኩ። በጣም ፈርቼ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ቦጋለ ነው ክንዴን ይዞ የወሰደኝ። እሱ ክርስቲያን ነው፤ ማንም ና አላለውም።"

ከዚያ በኋላ ወሬው አላቆመም። በገዛ አገራቸው "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" መባላቸው እንዴት ያንገበግባቸው እንደነበር፣ የሕዝቡ ብዛት ፍርሃታቸውን እንዴት ቀስ በቀስ እንዳስለቀቃቸው ነገሯት። ሀፍሷ ገጹን ቀድዳ እንደገና ሣለችው። አሁን ከሰልፉ ኋላ ክንድ ለክንድ የተያያዙ ሁለት ወጣቶች ይታያሉ።

ሥራው ሲያልቅ ፀደንያ ሁለቱንም ሽማግሌዎች ክፍል ጋበዘቻቸው። ጋሼ ቦጋለ ከአማኑኤል ሰፈር ኮታቸውን ለብሰው መጡ። አንድ ተማሪ፣ ጉዳዩ የእርስዎ ሳይሆን ለምን ወጡ ብሎ ጠየቃቸው።

"እኔ ገና ሲሆን ቤቴ እበላለሁ" አሉ። "እሱ ግን፣ ያኔ ለዒድ ትምህርት ቤት ስለማይዘጋ፣ በበዓሉ ቀን ደብተሩን ይዞ ይሄዳል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ደስ አይለኝም ነበር። ለዚያ ነው የወጣሁት።"

ሐጂ ሙናዊር ይህን ከአፋቸው ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። የጓደኛቸውን እጅ ያዙ።

ጋሼ ቦጋለ በሥዕሉ ላይ አንድ ቅሬታ ብቻ ነበራቸው፤ የዚያን ጊዜ አፍሮ ጸጉራቸው እንዲህ ትንሽ አልነበረም። ሀፍሷ እርሳሷን አነሳች። እሳቸው "ጨምሪ" እያሉ፣ ክፍሉ እየሳቀ፣ ጸጉሩ የሥዕሉን ዳር እስኪነካ ድረስ አሳደገችው።