ንድፉ ላይ የሌለው ቧንቧ

ንድፉ ላይ የነበረው አሥራ አራት መጋጠሚያ ነው። ቧንቧ ሠራተኛዋ ግን አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ ለሙያ ፈተናው ቀኑን ሙሉ ስትሠራበት የዋለችውን ግድግዳ በሐሳቧ እንደገና ስትዞረው አሥራ አምስት መጣባት። «ተሳስቼ ነው» አለችና ከወጥ ቤቱ ማጠቢያ ጀምራ፣ በመታጠቢያ ቤቱ አልፋ፣ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ በጣቶቿ ቆጠረች። አሥራ አምስት። ሦስተኛ ጊዜ ስትቆጥር ትርፉ ራሱ መጥቶ ፊቷ ተገተረ፦ ዋናው ቧንቧ ላይ፣ ከጣሪያው አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ላይ የሚያይ፣ አፉ በታፖ የተደፈነ አንድ ቅርንጫፍ። የታንከር መውጫ!

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ጮክ ብላ። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ጭናቸው ሳብ አደረጉ።

ማንም አላዘዛትም። ነገር ግን በአገሯ አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሙያ ስትኖር፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣ ሰፈሩ እልል የሚልበት ከተማ ውስጥ፣ የታንከር መውጫ ሳይተው ቤት ያስረከበ ቧንቧ ሠራተኛ ደረጃ ሳያበጅ ፎቅ እንደሠራ ግንበኛ ነበር የሚቆጠረው። ንድፍ ላይ የሚጽፈው እንኳ የለም፤ ማን ይረሳዋል ተብሎ! እጇ የለመደውን ሠራ። ያውም በጥንቃቄ፣ ቃጫውን ጠምጥማ፣ ታፖውን ጥርቅም አድርጋ አጥብቃ። ከዚያ መሣሪያዋን ጠራርጋ፣ ወረቀቷን ለፈታኙ አስረክባ፣ አመስግና ወጣች። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ፈተናው እንዲህ የዋዛ አልነበረም። ካለፈች የቀጠራት ኩባንያ የቋሚ ሠራተኛ ውል ይፈርምላታል፤ ውሉ ካለ ባሏንና የስድስት ዓመት ልጇን ማስመጣት ትችላለች። ከወደቀች የሚቀጥለው ፈተና ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ የእሷ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ በሁለት ወር ያልቃል። ይህን ስሌት በቀን አሥር ጊዜ ትሠራው ነበር፤ ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው።

ቤት ስትደርስ ያስጠጋቻት ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የመጋረጃ ጠርዝ ትዘመዝማለች። ልብስ ሰፊዋ የአገሯ ልጅ ናት፤ በዕድሜ እናቷን ባትሆን ታላቅ እህቷን ትሆናለች። ከአሥራ አንድ ወር በፊት ቧንቧ ሠራተኛዋ ሁለት ሻንጣ ይዛ፣ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት በእጇ ላብ ርሶ ፊደሉ ጠፍቶባት መንገድ ዳር ቆማ ስታለቅስ ያገኘቻት እሷ ናት። «ለዛሬ እኔ ጋ እደሪ» አለቻት። ዛሬ የተባለው ይኸው አሥራ አንድ ወር ሆነው። የስፌት መኪናውን ጥግ አስይዛ ለአልጋዋ ቦታ ስትለቅላት፣ አንድ ቀን እንኳ «ጠበበኝ» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ቧንቧ ሠራተኛዋ ጫማዋን ሳታወልቅ ከአልጋዋ ሥር ሻንጣ ጎትታ አወጣችና ሹራቦቿን ማጣጠፍ ጀመረች።

«ምን እየሠራሽ ነው አንቺ ልጅ?»

«ወደ አገሬ ልገባ ነው፣ እትዬ።»

«ማን አስገባሽ?»

«ወድቄያለሁ።»

«ውጤቱ ተነገረሽ?»

«አልተነገረኝም። ግን ያልታዘዝኩትን ቧንቧ ግድግዳው ላይ ተክዬላቸው መጣሁ።» ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳቻት።

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አወለቀች። «እኔ እዚህ አገር መጀመሪያ የሰፋሁት ሱሪ ላይ ለልጁ ማደጊያ ብዬ አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጠፍኩ። ለካ ሱሪው የስድሳ ዓመት ሰው ነው! የስድሳ ዓመት ሰው ከእንግዲህ ወዴት ያድጋል! ግን ከሥራ አላባረሩኝም። አንቺ ደግሞ ሰው ሳይሞት ለቅሶ ትቀመጫለሽ። በይ ሻንጣውን መልሺ፣ መንገድ ዘጋብኝ።»

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ እትዬ።»

«እሱን የተረተው ሰው እራት አልበላም ነበር። ነይ ብይ።»

በማግስቱ ባሏ ደወለ። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሲያወራ ስለሚውል ዝምታ አይችልበትም። ልትነግረው አላሰበችም ነበር።

«ድምፅሽ ምን ሆኗል? ዝናብ የመታት ዶሮ መሰልሽ።»

«ምንም አልሆንኩም።»

«አንቺ ምንም ስትዪ ቢያንስ ሁለት ነገር አለ።»

ነገረችው። ሰምቷት ሲጨርስ ሳቁን ለቀቀው። «ታዲያ ታንከሩን ማን ሊገዛላቸው ነው?»

«አትሳቅ! በሕይወታችን ነው የምትስቀው!»

«እሺ፣ እሺ፣ አልስቅም። ግን ስሚኝ፤ እኔ የሙሽራ ፂም ግማሹን ላጭቼ መብራት ሄዶብኝ አያውቅም እንዴ? አንድ ሰዓት ሙሉ ግማሽ ፂም ይዞ ተቀመጠ። ሞተ? አልሞተም። አገባ። ሦስት ልጅ ወለደ።»

«የኔ ነገር ግን…»

«ያንቺም ነገር ያገባል» አለ። ቀጥሎ ድምፁ ዝቅ አለ። «ባይሳካም ቤትሽ ያው ቤትሽ ነው። እኔም ያው ነኝ፤ ትንሽ ራሰ በራ ሆኛለሁ እንጂ። ይህቺ ልጅሽ ስልኩን ልትነጥቀኝ ነው፤ እንኪያት።»

«እማዬ!» አለች ልጇ ድንቡሼ። «ሻንጣዬን ጨረስኩ። ጫማዬን ከተትኩ። አባዬ ግን አውጪው ይለኛል፤ እዚያ አንቺ ጋ በባዶ እግሬ ትምህርት ቤት ልሂድ እንዴ?»

እናቲቱ ከአልጋዋ ሥር የመለሰችውን ሻንጣ በእግሯ ገፋ አደረገችው። «ለጊዜው አድርጊው የኔ ማር። ሻንጣው አይሄድም፤ ይጠብቅሻል።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከፈተና ጣቢያው ተደወለ። ፈታኙ ይፈልግሻል፤ የሥራ ልብስሽን ለብሰሽ ነይ አሏት። መንገዱን ሙሉ የምትለውን አዘጋጀች፤ ከዚያ የምትለውን ሁሉ ትታ ጸሎት ጀመረች፤ ከዚያ «የሥራ ልብስ ለምን አስፈለገ? የሠራሁትን አፍርሼ እንድሄድ ነው» የሚል ሐሳብ መጣባትና ጸሎቱም ተቋረጠ።

ፈታኙ ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው፤ እርሳስ ከጆሯቸው ላይ አይለይም፤ ፈገግታ ደግሞ ፊታቸው ላይ ሠፍሮ አያውቅም። እሷ የሠራችበት ባለ ሦስት ግድግዳ ክፍል ፊት ቆመው በእርሳሳቸው ወደ ላይ ጠቆሙ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የታንከር መውጫ ነው፣ ጌታዬ።»

«ንድፉ ላይ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን ሠሩት?»

አፏን ያዝ በሚያደርጋት በተማረችው ቋንቋ፣ «ውሃ ለሚጠፋበት ቀን» አለች።

«ውሃ ይጠፋል እንዴ?»

«እኔ በመጣሁበት ቦታ ውሃ ይመጣል እንዴ ብለው ቢጠይቁኝ ይቀላል።»

ሰውየው አልሳቁም። ግን እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ መለሱና ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው መውጫውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «ሠላሳ ዓመት ፈትኛለሁ። የሚያንጠባጥብ ትርፍ ቧንቧ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ በደንብ የታሰረ ግን አላየሁም» አሉ። «ደንቡን ልንገርዎት። የውሃ መስመሩን የማያበላሽ ትርፍ ሥራ ከተገኘ ተፈታኙ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፈታኙ ፊት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያርማል። ብዙዎቹ ፈታኞች ይህን አንቀጽ አያነቡትም። ማንሳት ይችላሉ?»

እሷ ስንት ጊዜ ያጠናችው የመውደቂያ ንግግር ጉሮሮዋ ላይ እንደተዘጋጀ ቀረ። «እችላለሁ» አለች።

«ቆርጠው አውጡትና መካከሉን በቀጥታ መጋጠሚያ ያገናኙት። በቂ ነው።»

ዋናውን ውሃ ዘጋች፤ መስመሩን አፈሰሰች። መጋዙን አንስታ መሰላሉ ላይ ወጣች። እጇ ግን እዚያው ቆመ። መጋዙ ሳይሆን ልቧ ነበር አልቆርጥ ያላት። ይህ መውጫ በሌለበት ቤት ውሃ የጠፋ ዕለት ሕፃን ሳይታጠብ ያድራል፤ ድስት ሳይታጠብ ያድራል፤ እናት ጀሪካን ተሸክማ ሌሊት ትሰለፋለች። ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ግድግዳው ላይ ያለውን መጠባበቂያ በገዛ እጇ ልታነሳ ነው። ምናልባት ግን፣ አለች ለራሷ፣ እዚህ ውሃው ነገም ይመጣል። ምናልባት እንዲህ ያለም አገር አለ። ይህን ማሰብ ከመቁረጡ ይልቅ ከበዳት።

ከዚያም ሌላ ነገር ታያት። ቆርጣ ቀጥታ መጋጠሚያ ካስገባች መጋጠሚያዎቹ መልሰው አሥራ አምስት ሊሆኑ ነው! አንድ ትርፍ አውጥቶ ሌላ ትርፍ ማስገባት። ሰውየው በቂ ነው ብለዋል፤ ግን ንድፉ አሥራ አራት ነው የሚለው።

«ጌታዬ፣ ሙሉውን ቧንቧ ላንሳውና በአዲስ ልተካው?»

ሰዓታቸውን አዩ። «ጊዜዎን ይበላል። አርባ አምስት ደቂቃ ቀርቶዎታል።»

«ይብላ።»

መጋዙን አስቀምጣ መፍቻውን አነሳች። ከላይ ያለውን ፈታች፣ ከታች ያለውን ፈታች፣ መውጫ የተሸከመውን ቧንቧ እንዳለ አውርዳ ወለሉ ላይ አጋደመችው። አዲሱን ለካች። ደግማ ለካች፤ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የምትለካው፣ ሲጨንቃት ሦስት። ቆረጠች፣ ጥርስ አወጣችለት፣ ዘይቱን ጠረገች፣ ቃጫውን ጠመጠመች፣ ወደ ቦታው መልሳ አጠበቀች። ላቡ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ በክንዷ እየጠረገች ነበር። ስትወርድ ስድስት ደቂቃ ይቀራት ነበር።

ፈታኙ የግፊት መለኪያውን ሰክተው ውሃውን ለቀቁ። ቀስቱ ወደ ላይ ሄዶ ቆመ። ደንቡ አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ሁለቱም ቀስቱን እያዩ እንደ ሁለት ቀብር ቆፋሪዎች ጎን ለጎን ቆሙ። «አሁን ይወርዳል» አለች በልቧ። «አሁን።» «አሁን።» ቀስቱ ግን እንደተቸነከረ ነው።

ሰውየው መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እየነኩ ቆጠሩ። ከዚያ እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው ወረቀቱ ላይ ፈረሙ።

«አልፈዋል» አሉ።

እሷ ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው፤ ከጀርባው ሌላ ነገር የተጻፈ መስሏት። ምንም የለበትም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ በየትኛው ቋንቋ እንዳለችው አታውቅም፤ ሰውየው ግን የገባቸው መሰለ። ያቺን አንቀጽ አንብበው፣ ስልክ አንስተው፣ ጠዋታቸውን ሰጥተዋታል። መጣል ይቀላቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጸሎቷ ውስጥ ስሙን የማታውቀው አንድ ረጅም ሰው ገባ።

ወረቀት እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው፤ ቢሆንም ይሄዳል። ውሉ ተፈረመ። በአምስተኛው ወር ባሏና ልጇ መጡ። እሷ ለዚያ አምስት ወር ሙሉ በየቀኑ አዲስ መሰናክል በሐሳቧ ስትፈጥር ኖራ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ እንኳ «ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ወጡ፤ የኔዎቹ ብቻ ቀሩ» ብላ ልብስ ሰፊዋን ክንዷን ጨምድዳ ይዛት ነበር።

«ልቀቂኝ፤ ይኸውልሽ ራሰ በራው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ድንቡሼ ከአባቷ እግር ጀርባ ተሸጉጣ ብቅ አለች። እናቷ ከሄደች ወዲህ ከስልክ መስታወት ውጪ ያየቻት ያኔ ነው። «እውነተኛዋ ነሽ?» አለቻት። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ደረቅ ዓይን አልነበረውም፤ ልብስ ሰፊዋ ብቻ «አቧራ ነው» ብላ ካደች።

አዲሱ ቤት እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከልብስ ሰፊዋ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ማታ እራት ከተበላ በኋላም መውጣትና መግባቱ አላባራ አለ። ባልየው አንዱን ሻንጣ ታች ረስቶት ወረደ። ሲመለስ ልብስ ሰፊዋ ድስቷን ልትወስድ ተነሳች፤ ተነስታም በሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆማ አወራች። «እትዬ፣ ይግቡ ወይ ይውጡ፤ ብርዱ ገባ» ሲላት፣ «አንተ ገና ዛሬ መጥተህ ታዘኛለህ?» ብላ በድስቱ ክዳን ሆዱን ነካ አደረገችው። ቧንቧ ሠራተኛዋ እስከ ደረጃው ሸኘቻት።

«እትዬ፣ እኔ ለእርስዎ…» ብላ ጀመረች።

«ዝም በይ። ግቢ። ልጅሽ ትጠብቅሻለች።» ሴትዮዋ ሳትዞር ወረደች።

ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲራመድ ብቻ የሚበራ መብራት ነበር። ድንቡሼ ይህን ደርሳበት ወጥታ ትዘልና ታበራዋለች፤ ቆማ ታጠፋዋለች፤ ደግማ ትዘልና ታበራዋለች።

«ነይ ግቢ የኔ ማር፣ መሽቷል።»

«አንድ ጊዜ ብቻ!»

«አንድ ጊዜሽ አምስት ሆነ» አለ አባቷ ከውስጥ፤ እያዛጋ።

ልጅቷ የመጨረሻውን ዘለለች፤ መብራቱ ወለል አለ፤ በእናቷ ክንድ ሥር ሾልካ ገባች። ቧንቧ ሠራተኛዋ ኮሪደሩን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አየች። የሚመጣ የለም። የሚጠበቅም የለም። መብራቱ ራሱ እስኪጠፋ ቆየችና በሩን ገፋ አድርጋ፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረች።