ሰው ያለበት ቤት

ሰፈሩ «እትዬ እምቢ» ይላታል። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን በስሟ ቢጠሯት እሷም ዞር የምትል አይመስልም።

ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ያሳደገችው በመስኮቱ ሥር ባስቀመጠቻት የስፌት መኪና ነው። ሌባ ገባ ቢባል ሌላው ዕቃ ይሂድ፣ ግድ የላትም። መኪናዋ ከሄደች ግን እጇ ተቆረጠ ማለት ነው። ለዚህ ነው ልጇ ደውላ «እማዬ፣ እኔና ባሌ እረፍት ወስደናል፤ ስምንት ቀን ሐይቅ ዳር አብረሽን ትሆኛለሽ» ስትላት መልሷ ያልዘገየው።

«እምቢ።»

«ለምን?»

«ቤቱን ለማን ጥዬ?»

«ለጎረቤት አደራ በያ።»

«ለየትኛዋ ጎረቤት?»

ጎረቤት ማለት የሹፌሩ ሚስት ናት። በሁለቱ ግቢ መሀል ደረት የማይደርስ ግንብ አለ፤ ድሮ በላዩ ወሬም ጨውም ያልፍ ነበር። ከአራት ዓመት ወዲህ የሚያልፈው ድመት ብቻ ነው። ጠቡ የተነሳው በሱሪ ነው። እትዬ እምቢ ለሹፌሩ ሱሪ ሰፋች፤ ሚስትየዋ «አሳጠርሽው» ብላ ይዛው መጣች። እትዬ እምቢ ሱሪውን እንኳ ሳትነካ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «እኔ በልኩ ነው የሰፋሁት፤ የረዘመው የባልሽ እግር ነው» አለቻት። ሰፈር ሳቀ። ሹፌሩ ራሱ ሳቀ። ሚስትየዋ ግን አልሳቀችም።

ወደ ሐይቁ ጉዞ እንመለስ። በመጨረሻ እሺ ያለው እሷ ሳትሆን ወገቧ ነው፤ ከጎነበሰች ቀና ማለት አቅቷት ከርማ ነበር። ለመሄድ ከቆረጠች በኋላ ግን ቤቷን ሰው ያለበት አስመሰለችው። መኪናዋን ከመስኮቱ አርቃ አንሶላ አለበሰቻት። አሮጌ ጫማዋን በረንዳው ላይ ተወች። ደጁን በውስጥ ቁልፍ ቆለፈች፤ ከውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር «ሰው የለም» ብሎ እንደሚጮህ ታውቃለች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የሄደች ዕለት ጠዋት ደግሞ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሽርጥና አንድ ነጠላ አንሶላ አጥባ፣ ከግንቡ አጠገብ በተወጠረው ገመድ ላይ አሰጣች።

«እማዬ፣ ልብሱስ አይገባም?»

«ሆን ብዬ ነው። የሚያልፍ ሁሉ ‹ውስጥ አለች› ይበል። ይልቅ ታክሲው እንዳይሄድብን።»

ሦስት ቀን ጥሩ ሰነበተች። እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ትውላለች፤ ወገቧም ለቀቃት። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። የእንግዳ ማረፊያው ሠራተኛ የተሰጡትን አንሶላዎች ልትሰበስብ እየጮኸች ስትሮጥ እትዬ እምቢ በመስኮት አየቻት። ወዲያው ደረቷን መታች።

«ወይ ጉዴ! ወይ እኔ ደደቧ!»

«ምን ሆንሽ?»

«ልብሱ! እዚያስ ዘንቧል?»

አማቿ ስልኩን ነካክቶ «ከትናንት ጀምሮ እየዘነበ ነው ይላል» አላት።

እንግዲህ አስቡት። ዝናብ እየወረደበት የሚሰበስበው ያጣ ልብስ! እቤት ያለች ሴት ይህን ታደርጋለች? ሌባን በደብዳቤ ብትጠራው ይሻል ነበር።

«የሹፌሩ ሚስት ስልክ እኔ ጋ አለ፤ ልደውልላት?» አለች ልጇ።

«እምቢ!»

«እማዬ፣ መኪናሽ ትበልጥብሻለች ወይስ ኩርፊያሽ?»

ያን ቀን ምግብ አልወርድ አላት። በማግስቱ ቁርስ ላይ እጇን ዘረጋች። «አምጪው» አለች። ልጇ ደውላ ስልኩን ሰጠቻት።

«ሄሎ» አለ የምታውቀው ድምፅ። «ሄሎ? ማን ልበል?»

እትዬ እምቢ ቃል ሳትተነፍስ ስልኩን ዘጋችው።

በስምንተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ተመለሱ። ታክሲው በቅጡ ሳይቆም ወረደች። መጀመሪያ ያየችው ገመዱን ነው። ቀሚሶቿ የሉም፤ አንሶላዋም የለም። ደግማ ስታይ ግን ገመዱ ባዶ አይደለም፤ የማታውቀው ፎጣና የወንድ ሱሪ ተሰጥቶበታል። የወንድ ሱሪ! ባሏ ከሞተ ስንት ዓመቱ!

ከማዶ ባለሱቁ ጮኸ። «እትዬ እምቢ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ሰሞኑን ወንድ አስገብተሻል አሉ፤ ነጋ ጠባ ሱሪ ይታጠባል!»

«ሂድ ወዲያ፣ ሚዛንህን ጠብቅ!»

ደጁን ከፍታ ገባች። መኪናዋ አንሶላዋን ለብሳ ቁጭ ብላለች። እላይዋ ላይ እጇን አሳረፈች። ከዚያ ወደ ግቢ ወጣች። ልብሶቿ ተተኩሰውና ታጥፈው፣ በፌስታል ተጠቅልለው ግንቡ ላይ ተቀምጠዋል። ሱሪውን ከገመዱ አወረደችው። ጫፉን ገለበጠች። ስፌቱ የራሷ ነው።

ያው የጠቡ ሱሪ ነው። ጉልበቱ እንኳ አልሳሳም፤ አራት ዓመት ማንም አልለበሰውም።

የልክ ደብተሯን አወጣች፤ የሹፌሩ ቁመት እዚያው ተጽፏል። ሜትሯን ዘረጋች። ለካች። ደግማ ለካች። አምስት ሴንቲ ይጎድላል።

ለአፍታ ደብተሩን ልትጠረጥረው ፈለገች። ግን ጽሕፈቱ የእሷው ነው። ደግነቱ እንደ ልማዷ ከታች ሰፊ እጥፋት ትታለች። መቀሷን አንስታ ጫፉን ፈታችው።

«እማዬ፣ ሻንጣሽን እንኳ ሳትፈቺ?»

«ዝም በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

አስረዝማ ሰፋችው፣ በካውያ ተኮሰችው፣ ወደ ግንቡ ሄደች። የሹፌሩ ሚስት በወዲያ በኩል ድስት ትፈትጋለች።

«አንቺ፣ ሱሪያችሁን ረስታችኋል» አለቻት፣ ዓይኗን ድስቱ ላይ አድርጋ።

ሴትየዋ እጇን ጠረገች፣ ተቀበለቻት፣ ጫፉን ገለጥ አድርጋ አየችው።

«ምነው፣ የባሌ እግር አሁንም እያደገ ነው እንዴ?»

«አምስት ሴንቲ አጥሮ ነበር» አለች እትዬ እምቢ ለግንቡ።

የሹፌሩ ሚስት ያኔ ያልሳቀችውን አሁን ሳቀችው፤ ሆዷን ይዛ። ሲበርድላት «አንቺ ልብስ ከደረቀ በኋላ ፀሐይ ላይ አታቆዪም» አለች። «በሁለተኛው ቀን ሳየው ሄደሻል አልኩ። ሰበሰብኩልሽ። ገመዱ ባዶ እንዳይሆን ደግሞ የእኛን አሰጣሁ።»

«ሱሪውንስ?»

«ወንድ ያለ ይምሰል ብዬ ነዋ! ሌላውን ይለብሰዋል፤ ይሄን ማን ይለብሰዋል? ደግሞ አንድ ሰው ደውሎ ዝም አለኝ። ዝምታሽን አራት ዓመት ሳዳምጠው ኖሬ ይጠፋኛል?»

እትዬ እምቢ ፊቷ ጋለ። ሴትየዋ ሱሪውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

«ቅዳሜ እኛም ወደ አማቴ ልንሄድ ነው። ደጃችንን ታይልኛለሽ?»

«እሺ።»

ልጇ ከበረንዳው ብድግ አለች። «ምን አልሽ እማዬ?»

«ምንም አላልኩም» አለች እትዬ እምቢ፣ ፌስታሉን ከግንቡ ላይ አንስታ እየገባች።