ገና አልሞላም በሉት

«መነጽሩ የሴትም አለው?» አለች ደዋይዋ።

አፈ ማር ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና መልሳ አስጠጋችው። «የምን መነጽር?»

«ያ ሽማግሌው ያደረገው። ‹ይፍጠኑ! አሁኑኑ ይደውሉ!› ይላል እኮ።»

«አባቴ ነው። ጠፍቶብን ነው።»

ደዋይዋ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችና ዘጋች። አፈ ማር የተዘጋ ሱቅ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ከጠዋት ጀምሮ በየመንገዱ ስትዞር እግሯ ዝሏል።

አፈ ማር ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። እንጀራዋ በኢንተርኔት ለሚለቀቁ ማስታወቂያዎች የመጨረሻዋን መስመር መጻፍ ነው፤ አንባቢው ሳያስበው ጣቱን የሚያሳርፍባትን። «ይዘዙ»፣ «ይመዝገቡ»፣ «ሳያልቅ ይድረሱ»። ሰው ያላማረውን ጫማ አስገዝታ ታውቃለች። እናቷ ደውላ «አባትሽ በሩን ከፍቶ ወጥቷል» ስትላት ታዲያ እጇ የለመደውን ጻፈ፤ በመሥሪያ ቤቱ ዝግጁ ንድፍ ላይ፣ ፎቶው ከላይ፣ ቀዩ መስመር ከታች። ፎቶው ላይ አባቷ ይስቃል። ማን የጠፋ ሰው ነው ብሎ ይጠርጥር? «ጠፍቷል» የሚለውንም ቃል እናቷ ስለለመነቻት በደቃቅ ፊደል ጥግ ላይ ሸጉጣዋለች።

እናቷ ከማዶ ስትጠይቅ ቆይታ እያለከለከች መጣች። «ያየ አለ?»

«ማንም የለም። ሰዉ መነጽር ሊገዛኝ ነው የሚደውለው። እማዬ፣ እንደገና ልጽፈው ነው። ሁሉንም።»

እናትየው ልጇ «ሁሉንም» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ገባት። «ጃጀ እንዲሉት? አገር ‹ሹፌሩ› እያለ ያከበረውን ሰው?»

«ይበሉት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ጎረቤት በጠየቀ ቁጥር «ተኝቷል»፣ «ብርድ መቶት ነው» እያለች የቤቱን ገመና ስትሸፍን የኖረችው እናትየው ናት። ደከማት። ከልጇ ጎን ተቀመጠች።

«ቢያገኙትስ መች ይቆምላቸዋል?» አለች በመጨረሻ። «እኔ ስይዘው እንኳ እጄን መንጭቆ ነው የሚሄደው። መኪናው ይጠብቀኛል ይላል።»

«አንቺ ታዲያ እንዴት አድርገሽ ታስቀምጪዋለሽ?»

«ገና አልሞላም እለዋለሁ። ‹ተሳፋሪው አልሞላም፣ ቁጭ በል› ስለው ይቀመጣል። ዕድሜውን አውቶቡስ እስኪሞላ ሲጠብቅ የኖረ ሰው አይደል?»

አፈ ማር ይህን አታውቅም ነበር። እዚያው ቤት እያደረች አለማወቋ አንገቷን አስደፋት። ቀዩን መስመር አጥፍታ እንዲህ ጻፈች፦

«ይህ አባቴ ነው። አውቶቡስ ነጂ ነበር። አሁን እየረሳ ነው፤ ቤቱን አያውቀውም። ካያችሁት እጁን አትያዙት፣ ይሸሻል። ‹ገና አልሞላም› በሉት፤ ይቀመጣል። አብራችሁት ቁጭ በሉና ደውሉልኝ።»

እናትየው አነበበችው። ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና «ልቀቂው» አለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ልብስ ሰፊ ደወለ። «እኔ ጋ ነው፣ አትደንግጡ። ደንበኞቼም አብረውት ተቀምጠዋል።»

ሲደርሱ አባትየው በልብስ ሰፊው ደጃፍ አግዳሚ ላይ ነበር፤ አንድ እግሩ ጫማ የለውም፣ አብጧል። ከኋላው ልኬታቸውን ሊሰጡ የመጡ ሰዎች ወንበራቸውን እንደ አውቶቡስ ደርድረው ተቀምጠዋል። አንዷ ልጇን ታቅፋለች። ማንም አልሳቀም። አባትየው ሚስቱን ቀና ብሎ አያት።

«እመቤት፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጪ» አላት፣ ለማንም ተሳፋሪ እንደሚለው።

ዐርባ ዘመን ያህል አብራው የኖረች ሴት እንባዋን ውጣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ባሳያት ቦታ ተቀመጠች።

ቤት ገብተው እግሩን አጥባው እንቅልፍ ሲወስደው፣ እናትየው ወደ ልጇ ዞረች። «እንግዲህ ተገኘ። አጥፊው በቃ፣ አገር ያየው ይበቃናል።»

አፈ ማር ልታጠፋው ስልኩን ከፈተች። ከጽሑፉ ሥር ብዙ ሰው አስተያየት ሰጥቷል። የማዶው ጎረቤታቸውም ጽፎ ነበር፦ «ሁልጊዜ በደጄ ያልፍ ነበር እኮ። ባውቅ ኖሮ ዝም ብዬ አላሳልፈውም ነበር።»

«አላጠፋውም እማዬ» አለች።

ከዚያም ከሥሩ ጨመረችበት፦ «ዛሬ ተገኝቷል፤ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። ነገም መውጣቱ አይቀርም። በደጃችሁ ሲያልፍ ካያችሁት ሰላም በሉት።»