ለዘኪያ ግድግዳ የሚሆን ቴሌቪዥን

«ሱቅ ውስጥ እያለ ሁሉም ቲቪ ሙሽራ ነው» አለ አንደኛው። ሌላው ሳቀና የሆነ ነገር መለሰለት፤ ስለ ብርሃን ይሁን ስለ ሚስቱ፣ አሁን በደንብ አላስታውሰውም። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ገበያ፣ ከሉጥፊ የቴሌቪዥን ሱቅ በር ላይ ሻይ መሸጥ የጀመርኩ ሰሞን ነበር። ሰዎቹ ብርጭቋቸውን መልሰው ሄዱ። እኔ ግን ሙሽራው ቤት ከገባ በኋላ ምን ይሆናል እያልኩ ጆሮዬን መጣል ጀመርኩ።

ትምህርቴ ትንሽ ነው። ስለ ቲቪ የማውቀው ሁሉ ሻይ ስቀዳ ከጀርባዬ የተነገረ ነው፤ ሉጥፊ ለደንበኛ ሲያስረዳ፣ ደንበኛ ሊመልስ መጥቶ ሲጨቃጨቅ፣ ጠጋኙ ብቻውን ሲራገም። ሱቅ ውስጥ ድምቀቱን እስከ ጥግ እንደሚከፍቱት፣ ፊት ለፊት ሲያዩት ያማረ ስክሪን ከጎን ሲያዩት ሊገረጣ እንደሚችል፣ ለጠባብ ክፍል ትልቅ ቲቪ ዓይን ማድከም እንደሆነ፣ ሁሉንም እንዲያው ሰምቼ ያዝኩት። ሉጥፊም ሲሰለቸው «ሂዱ ወርቂን ጠይቋት! እኔ ነጋዴ ነኝ፣ እዋሻለሁ። እሷ ሁልጊዜ ጾም ላይ ናት» እያለ ይቀልድብኛል።

ሐጅ ሁዜይፋም እኔ ጋ የመጡት ለዚሁ ነው። የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ ወደ ድንበሩ ወደ ዶካና ጋላባት ሲመላለሱ አማርኛ ለምደዋል። ታናሽ ወንድማቸው በቅርቡ ሞቷል። ሚስቱ ዘኪያ የጎንደር ልጅ፣ ጎረቤቴም ጓደኛዬም ናት። አሁን ሐብስ ገብታለች፤ ባል የሞተባት ሴት ከቤት ሳትወጣ ወራት የምትቀመጥበትን ጊዜ እዚህ እንደዚያ ይሉታል። በሐጅ ሁዜይፋ ቤተሰብ ልማድ ደግሞ መቀመጡ ብቻ አይበቃም። ነጭ ለብሳ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትቀመጠው።

«ወርቂ እህቴ» አሉኝ፣ «ዘኪያ መናገር ትታለች። እህሉን ትቀምሰዋለች እንጂ አትበላውም። ግድግዳ እያየች አእምሮዋን እንዳትስት ፈራሁ። ቁርአን የሚቀራበትን ጣቢያ ብታይ ብዬ፣ እዚያው ግድግዳው ላይ ቲቪ ልሰቅልላት ነው። የትኛውን ልውሰድ?»

«እሱ ሱቅ ውስጥ አይመረጥም፣ ሐጅ። ክፍሉን አውቀዋለሁ። የግቢው ብርሃን በበሩ ገብቶ ቀጥ ብሎ ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው። እዚያው ወስደን እንየው።»

«ዋላሂ፣ ነገ ደግሞ ግድግዳውን ወደ ሱቅ አምጡልኝ ትያለሽ!» ብሎ ሉጥፊ አጉረመረመ። ቢሆንም ሁለት ቲቪ ሪክሻ ላይ ጫነልን። ስፋታቸው እኩል ነው። የአንዱ ፊት ያብለጨልጫል፣ ጥቁሩም እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። የሌላው ፊት ፈዛዛ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ይውጠዋል እንጂ አይመልሰውም። ጥቁሩ ትንሽ ወደ አመድ ያደላል፤ ግን ከጎንም ከታችም ቢያዩት ቀለሙ አይለወጥም። ልቤ ከፈዛዛው ጋር ነበር።

ሐጅ ሁዜይፋ ሁለቱንም እስከ ክፍሉ ደፍ አደረሱልኝና ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ስር ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሐብስ ላይ ወዳለች ሴት መዝለቅ ለወንድ አልተፈቀደም።

ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል። የጣራው ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ታች ይተፋዋል። ዘኪያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጉልበቷ እስከ ግድግዳው ትንሽ ጠረጴዛ የሚያስገባ ቦታ ብቻ ነው ያለው። እኔ ከአፍታ በኋላ እወጣለሁ፤ እሷ ግን አትወጣም።

«ወርቂ መጣሽ?» አለች ሳትዞር።

«በምን አወቅሽኝ?»

«በጫማሽ። እየጎተትሽ ነው የምትሄጂው፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ። ሁሉን በጆሮዬ ነው የማውቀው። ውሃ የሚያመጣው አህያ ማነከስ ጀምሯል። ፍየሏ ወልዳለች። ስንት እንደወለደች ግን አላወቅሁም፤ ሲጮኹ ይደባለቁብኛል።»

ግድግዳው ስር ባለችው ጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ ፈዛዛውን አስቀምጬ አበራሁት። ቁርአን የሚያነበው ቃሪ ቁልጭ ብሎ ታየ። የበሩ ብርሃን ምንም አላደረገውም። ቀጥዬ የሚያብለጨልጨውን አበራሁ። የቃሪው ጢም ላይ የበሩ መቃን ተጋደመበት፤ ግማሽ ፊቱ በግቢው ብርሃን ተዋጠ።

«ይሄ አይሆንም» ብዬ አጠፋሁትና ገመዱን ልነቅል እጄን ዘረጋሁ።

«ተይው» አለች። «ይሄኛው ይሁንልኝ።»

«ዘኪያ፣ ምን ነካሽ? ቀን ቀን ምንም አታዪበትም እኮ! ስክሪን ብርሃን ከመለሰ...»

«አስተማሪዋ፣ ዝም በይና እዚህ ከጎኔ ተቀመጪ። እንዳታበሪው።»

ተቀመጥኩ። በጠፋው ጥቁር መስታወት ውስጥ በሩ ነበር። ከበሩ ወዲያ ግቢው፤ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ እንደሚታይ ሰማይ አነስ ብሎ፣ ጠቆር ብሎ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ። ሐጅ ሁዜይፋ ከዛፉ ስር ዝንብ ያባርራሉ። ፍየሏ አለፈች፤ ግልገሎቿም ተከተሏት።

«ሁለት ናቸው» አለች ዘኪያ። «አንዷ ነጭ ናት።»

ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ፈዛዛውን ካስቀረሽ ግድግዳው ላይ ሌላ ግድግዳ ጨመርሽብኝ። ወርቂዬ፣ ሐጅን ምስሉ የሚሻለው የዚህኛው ነው በያቸው። እውነቱን ከሰሙ በጨርቅ ይሸፍኑታል። በሐብስ መስታወት ማየት ክልክል ነው።»

«እኔ መዋሸት አልችልም፣ ዘኪያ።»

«አውቃለሁ» አለችና እጄን ለቀቀችው። ፊቷን ወደ ጥቁሩ መስታወት መለሰች፤ ሳይወስዱባት ልትጠግበው እንደፈለገች ሁሉ አትኩራ ታየው ጀመር።

አቤቱ አፌን አንተ ምራው ብዬ በልቤ ለመንኩ። ከመነሳቴ በፊት ስክሪኑን እንደገና አየሁት፤ ደጋግሜ አየሁት። ከዚያ ወጣሁ።

«የትኛው ይሻላል?» አሉ ሐጅ ሁዜይፋ።

«ለምስል ፈዛዛው።»

«በቃ፣ እሱ ይሰቀል።»

«እሷ የምትፈልገው ግን የሚያብለጨልጨውን ነው። ሲጠፋ በሩ ይታይበታል። ግቢው፣ ፍየሎቹ... እርስዎም።»

«እኔም?» ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። «ምን ስሠራ?»

«ዝንብ ሲያባርሩ።»

ሊስቁ ፈልገው ተውት። «መስታወት ሆነ ማለት ነዋ። እናቴ ብትሰማ ቤቱን ታፈርሰዋለች።»

«የራሷ ፊት አይታይም፣ ሐጅ። ብርሃኑ ከኋላዋ ነው የሚመጣው። ፊቷ ጥላ ውስጥ ስለሆነ የሚታየው ጥቁር ጥላዋ ብቻ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ የራሴን ፊት ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም።»

«ዋላሂ በይ።»

«እኔ አልምልም። አይታይም ካልኩ አይታይም።»

ገብተው ሊያዩ አይችሉም፤ ያላቸው የእኔ ቃል ብቻ ነው። ወደ በሩ ጨለማ ትክ ብለው አዩ። የአልጋዋ ጠርዝ እንኳ ከዚያ አይታይም። መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ጨርሰው ሌላ ጀመሩ።

«ማታስ?» አሉ በመጨረሻ። «መብራት ሲበራ ብርሃኑ ከፊቷ ይሆናል።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። «ማታ ይታያል» አልኩ።

«እንግዲያው ፀሐይ ስትጠልቅ ይሸፈን። ቁርአን ልታይ ስትል ትገልጠዋለች፣ ስታጠፋ ትሸፍነዋለች። ቀን ግን...» ቆም አሉ። «ቀን ይተውላት። በሩም አይዘጋባት፤ ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ። ፈዛዛውን አምጪልኝ፣ ለሉጥፊ ራሴ እመልሳለሁ።»

«ሐጅ፣ አንድ ነገር ልጨምር? የተቀመጡበት ቦታ የግቢውን የውጭ በር ይጋርድባታል።»

ዞር ብለው የውጭውን በር አዩ፤ ከዚያ ከስራቸው ያለውን ወንበር።

«ጥላው እኮ እዚህ ነው» አሉ።

ወደ ዘኪያ ክፍል ዞሬ አየሁ።

«እሺ» አሉ፣ «ከነገ ጀምሮ ከግንዱ ወዲያ ማዶ እቀመጣለሁ።»