ሦስት ቁጥርን ማዘዝ

ኢሪኖ ነጩን ፕላስተር በአለቃው ጭንቅላት ዙሪያ ለሦስተኛ ጊዜ አዞረው፤ በግንባሩ፣ በግራ ጆሮው፣ በማጅራቱ፣ በቀኝ ጆሮው። ሞሪዋኪ አግዳሚው ላይ ጉልበቶቹን ከፍቶ፣ ዓይኖቹን ጨፍኖ ተቀምጧል። ጆሮዎቹ በአሥራ ስምንት ዓመት የራግቢ ግፊያ ተጨማድደው የዝንጅብል ሥር መስለዋል።

«አለቃ፣ ጠበቀብዎት እንዴ?»

«አልጠበቀም።»

«ላላ ላድርገው?»

«ኢሪኖ፣ ካልጠበቀ በመጀመሪያው ግፊያ ተንሸራቶ ዓይኔን ይሸፍነኛል። ሳበው!»

ኢሪኖ ሳበው፤ ግን የተኛ ሕፃን ላይ ብርድ ልብስ እንደሚያስተካክል ሰው፣ በስሱ።

«ኧረ ተዉት፣ ለአማቱ ሻሽ የሚያስር ሙሽራ ነው የመሰለው!» አለ ሴሚሲ ከወዲያ ጥግ።

የመልበሻ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ኢሪኖም ሳቀ፤ ፕላስተሩን ግን አላጠበቀውም።

ሴሚሲ ከቶንጋ ደሴቶች በአሥራ አምስት ዓመቱ ለትምህርት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። በቶኪዋዳ ቫልቭ ፋብሪካ ዕቃ ጫኝ፣ በቶኪዋዳ ራግቢ ቡድን ደግሞ በግራ ጠርዝ የሚሮጥ አሥራ አንድ ቁጥር ነው። ቋንቋውን የተማረው ከዓሣ አጥማጅ ሽማግሌዎች በመሆኑ፣ ድምፁን ብቻ የሰማ ሰው የሰባ ዓመት አዛውንት የመጣ ይመስለዋል። ሞሪዋኪን «ጋሼ» ይለዋል። ማንንም አይፈራም።

ኢሪኖ ይፈራል። ነገሩ ፍርሃት ብቻም አይደለም። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ በፋብሪካው ምርመራ ክፍል ከተቀጠረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የክፍሉ አለቃ ሞሪዋኪ ነው። የብረት ስንጥቅ በጣት ጫፍ እንዴት እንደሚለይ ያስተማረው እሱ ነው። የኢሪኖ እናት ሆስፒታል በተኛች ጊዜም የሦስት ሳምንት ሥራውን ለማንም ሳያወራ የሸፈነለት እሱ ነው። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ማን ደፍሮ ይጮሃል?

ችግሩ መጮህ የኢሪኖ ሥራ መሆኑ ላይ ነው። ዘጠኝ ቁጥር የሚለብሰው ትንሹ ሰው ኳሱን ከግዙፎቹ እግር ሥር አውጥቶ ለሯጮቹ ያቀብላል፤ ከፊት ያሉትን ስምንት ግዙፎችም ተነሱ፣ ግፉ፣ ዞር በሉ እያለ የሚነዳቸው እሱ ነው። የሞሪዋኪ ማልያ ሦስት ቁጥር ነው። ከስምንቱ መሐል የፊተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ይመዝናል።

ቡድኑ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ በፋብሪካው የማያወራ የለም። ከስምንት ዓመት በፊት በአውራጃው ሊግ ከእሳት አደጋ ሠራተኞችና ከባንክ ጸሐፊዎች ጋር ሲጫወቱ ተመልካቹ አሥራ አንድ ሰው ነበር፤ አራቱ ሚስቶች፣ አንዱ መንገድ የጠፋው። ተጫዋቾቹ ከሰዓት በኋላ ሥራቸውን አቋርጠው ሲወጡ ወደሚቀሩት ባልደረቦቻቸው ዞረው «ቀድሜ በመውጣቴ ይቅርታ» ብለው እጅ ይነሣሉ። ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ ያጉረመርሙ ነበር። ቡድኑ የአውራጃውን ሊግ በልቶ ወደ ክልሉ፣ ከክልሉ ወደ አገሪቱ ሦስተኛ ሊግ ሲወጣ ግን ማጉረምረሙ ወደ ቁጥጥር ተለወጠ። «አንተ አሁንም እዚህ ነህ? ልምምዱን ማን ሊሠራልህ ነው?» እያሉ ከማሽኑ ላይ ያባርሯቸው ጀመር።

አምና የሦስተኛው ሊግ አንደኛ ሆኑ። አንደኛ መሆን ብቻውን ግን አያሳልፍም፤ ከሁለተኛው ሊግ መጨረሻ ከወጣው ቡድን ጋር ገጥሞ ማሸነፍ ግድ ነው። በዚያ ግጥሚያ አንድ ደቂቃ ሲቀር፣ በሁለት ነጥብ እየተመሩ፣ ከተጋጣሚው መስመር አምስት ሜትር ላይ ኳሱ ኢሪኖ እጅ ገባ። ከመስመሩ ማዶ መሬት ቢያስነኩት አምስት ነጥብ ነው። በግራ ጠርዝ ሴሚሲ ብቻውን ቆሟል፤ ከፊቱ ሣር እንጂ ሰው የለም። በመሐላቸው ግን ሞሪዋኪ ቀጥ ብሎ ተነሣና «ለኔ! ለኔ ስጠኝ!» አለ።

ኢሪኖ ሰጠው። ሦስት ሰው ተከመረበት፤ ኳሱ ከእጁ ወደቀ፤ ፊሽካው ተነፋ።

ስለዚያ ኳስ ማንም አልተናገረም። ሞሪዋኪና ኢሪኖም በየቀኑ ጎን ለጎን እየሠሩ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብለው ከረሙ።

ዘንድሮ ሃቺያ የሚባል ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ አሠልጣኝ ሆኖ መጣ። የመጣ ሰሞን የአምናውን ግጥሚያ ፊልም አየና ኢሪኖን ለብቻው ጠራው።

«ሴሚሲን አይተኸው ነበር?»

«አዎ።»

«ባዶ ሜዳ ላይ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ኳሱን ለምን ለሞሪዋኪ ሰጠኸው?»

«ስለጠየቁኝ ነው።»

ሃቺያ መነጽሩን አውልቆ በማልያው ጠረገ። «ስማ። እግርህ ጥሩ ነው፤ እጅህ ከጥሩም በላይ ነው። ድምፅ ግን የለህም። ሜዳ ውስጥ አለቃህ አለቃ አይደለም፤ ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። እሱን ማዘዝ ካቃተህ፣ የመጨረሻው ግጥሚያ ላይ ሌላ ዘጠኝ ቁጥር አሰልፋለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በልምምድ ሜዳ ማዕረግ ተከለከለ። ሁሉም ባጭር ስሙ ሊጠራ ሆነ፤ ሞሪዋኪም «ሞሪ» ተባለ። ኢሪኖ በመጀመሪያው ቀን «ሞሪ!» ብሎ ጮኸ፤ ሞሪዋኪ ዞር ሲል ደግሞ ቶሎ ብሎ «...አለቃ» ጨመረበት። ለሁለት ሳምንት ቡድኑ በሙሉ ሞሪዋኪን «ሞሪ አለቃ» እያለ ሲስቅ ከረመ። ሞሪዋኪ ራሱ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም።

ሴሚሲ አዘነለትና አንድ እሑድ ወደ ወደቡ ግድብ ወሰደው። ከድንጋዩ ጫፍ አንድ ጥቁር የባሕር ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል።

«ያ ወፍ ጋሽ ሞሪዋኪ ነው» አለ ሴሚሲ። «አስነሣው።»

«ተነሣ!»

«ይኼ ለወፍ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ጩኽ!»

«ተነሣ!»

ወፉ አንገቱን አዙሮ አያቸውና ክንፉን ማድረቁን ቀጠለ። ሴሚሲ ሆዱን ይዞ ግድቡ ላይ ተንከባለለ። «እሱም አለቃ ነው እኮ፤ አወቀህ!»

ዘንድሮም የሦስተኛው ሊግ አንደኛ ሆነው ዳግም ለማለፊያው ግጥሚያ በቁ፤ በግጥሚያው ሳምንት ነው ኢሪኖ አንድ ነገር የሰማው። ሞሪዋኪ በዕረፍት ሰዓት ቀዝቃዛ ሻዩን እየጠጣ፣ እንደ ዋዛ፣ «ከወጣን በሁለተኛው ሊግ አንድ ዓመት እጫወታለሁ። ካልወጣን በቃኝ፤ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው» አለ። ባዶውን ጠርሙስ ጣለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ኢሪኖ ግን ሻዩን ሳይጨርሰው ቀረ። አምና ይህን ሰው አክብሮ ታዘዘ፤ ታዝዞም ያን አንድ ዓመት ነጠቀው። ዘንድሮም ቢታዘዘው ጨርሶ ይነጥቀዋል።

ግጥሚያው ታካማትሱ ላይ ነበር። ከፋብሪካው ስምንት አውቶቡስ ሰው መጣ። የሌሊት ተረኞቹ ልብስ ሳይቀይሩ በሰማያዊ ቱታቸው መጥተው ከበሮውን ያዙ። የሞሪዋኪ ሚስት ቶሺኤ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ የተድቦለቦለ የሩዝ ምግብ ለጎረቤቶቿ ታድላለች። ሃቺያ እስከ መጨረሻው ሲያመነታ ቆይቶ ዘጠኝ ቁጥርን ለኢሪኖ ሰጥቶታል።

የመጀመሪያው ግማሽ አላማረም። ኢሪኖ አሁንም ኳሱ ላይ ጎንበስ ብሎ «ሞሪ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ...» ይላል። የተጋጣሚው ዘጠኝ ቁጥር ሰምቶት ኖሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ «ሞሪ፣ ትንሽ ሻይ ልቅዳልዎት?» አለው። የእነሱ ግዙፎች ተሳሳቁ። ሴሚሲ ከጠርዝ ሆኖ፣ «ሳቁ ሳቁ! ወደ ታች ስትወርዱ ደረጃው ያዳልጣል!» ብሎ መለሰላቸው።

ከዕረፍት በኋላ ነጥቡ ሲጠጋጋ፣ ሲራራቅ፣ እንደገና ሲጠጋጋ ቆየ። ሦስት ደቂቃ ሲቀር ቶኪዋዳዎች ሃያ ለሃያ ሦስት እየተመሩ ነበር። ከበሮው አልቆመም። ሞሪዋኪና ሰባቱ እየገፉ፣ እየወደቁ፣ እየተነሡ፣ አንድ እርምጃ ሲያገኙ በእሷ ላይ ሌላ እየጨመሩ ሄዱ። ሰዓቱ አለቀ፤ ኳሱ ከእጃቸው እስኪወጣ ድረስ ግን ጨዋታው አያልቅም። ከመስመሩ አራት ሜትር ላይ የሰው ክምር ሆነ፤ ኳሱም ከክምሩ ጭራ፣ ከኢሪኖ እጅ ሥር ወጣ።

ቀና አለ። በግራ ጠርዝ ሴሚሲ እጁን አንሥቷል። ከፊቱ ሣር ብቻ ነው። በመሐላቸው ደግሞ፣ ኢሪኖ በመልበሻ ክፍሉ ያሰረለት ፕላስተር በጭቃ የጠቆረ፣ አፍንጫው የደማ ሞሪዋኪ ቀጥ ብሎ ተነሣ።

«ለኔ! ለኔ!»

ኢሪኖ ኳሱን አነሣና ጮኸ።

«ዝቅ በል አንተ! ተኛ! ከፊቴ ጥፋ!»

ድምፁ የወጣው ከበሮ መቺው ክንዱን ባነሣባት ቅጽበት ነበርና፣ ስታዲየሙ በሙሉ ሰማው። መቶ አሥራ ስምንት ኪሎው ሞሪዋኪ እንደ ተቆረጠ ዛፍ በደረቱ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ኳሱ በጀርባው ላይ፣ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ በረረ። ሴሚሲ ደረቱ ላይ ተቀበለው፤ አራት እርምጃ ሮጠ፤ ከመስመሩ ማዶ በሁለት እጁ መሬት አስነካው። ሃያ አምስት ለሃያ ሦስት።

ቀጥሎ የሆነውን ኢሪኖ በቅደም ተከተል አያስታውሰውም። ቱታ ለባሾቹ አጥሩን ዘለሉ። አንዱ ከበሮውን አቅፎ እየሮጠ ነበር። ሃቺያ መነጽሩ ጠፍቶበት የተጋጣሚውን ቡድን ሰዎች አቀፈ። ሴሚሲ የደሴቱን ዘፈን ጀምሮ ዓሣ አጥማጆቹ በሚዘፍኑት ጨረሰው። በዚህ ሁሉ መሐል ኢሪኖ ወደ ኋላው ሲዞር ሞሪዋኪ አሁንም በደረቱ ተኝቷል።

«አለቃ! ተጎዱ እንዴ?»

ሞሪዋኪ አንድ ጉንጩን ከሣሩ አነሣ።

«አልተጎዳሁም። አሁን መነሣት ይፈቀዳል?»

የኢሪኖ ፊት እንደ ፍም ቀላ። በአውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲዘፍን እሱ በኋለኛው ወንበር ፎጣውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ሞሪዋኪ ከፊት ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ኢሪኖ በቀይ ባቄላ የተሞላ ጣፋጭ አንድ ሣጥን ይዞ፣ ከሁሉም ቀድሞ ፋብሪካው ገባ። አልጠቀመውም። ክሬን ነጂው ከላይ «ዝቅ በል አንተ!» አለው፤ ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ዘርግታ «ከፊቴ ጥፋ!» አለችው። ሁሉም ይስቃል፤ ሁሉም ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። ሞሪዋኪ ከጠረጴዛው ሆኖ በጣቱ ጠራው።

ኢሪኖ ሣጥኑን በሁለት እጁ ዘርግቶ እስከ ወገቡ አጎነበሰ። «አለቃ፣ ቅዳሜ የተናገርኩት ነገር...»

«ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። ሞሪዋኪ ሣጥኑን ከፍቶ አንዱን ጣፋጭ ጎረሰና ሌላውን ወደሱ ገፋለት።

«ሚስቴ ሁለት ቀን ሙሉ ስትስቅ ነው የከረመችው። እራት ላይ ትዝ ሲላት ዱላዋን ታስቀምጣለች።» የምትበላባቸውን ቀጫጭን እንጨቶች ማለቱ ነው። «'አሥራ አራት ዓመት ልለው ፈልጌ ያቃተኝን ያ ትንሽ ልጅ አለልኝ' አለችኝ። ለእራት ጠርታሃለች።»

ኢሪኖ ጣፋጩን አንሥቶ ጎረሰ።

«አምና ኳሱን የጠየቅሁህ እኔ ነኝ» አለ ሞሪዋኪ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሴሚሲ መኖሩን አውቅ ነበር። እኔው ላስቆጥር ፈለግሁ። ይኸውልህ፣ ይኼን ነገር አፍ አውጥቼ ሳልነግርህ ዓመት ሞላኝ።»

«እኔም አልሰጥም ማለት ነበረብኝ።»

«ነበረብህ።»

ሁለቱም ጣፋጫቸውን አኘኩ።

«ታዲያ» አለ ሞሪዋኪ፣ «በሁለተኛው ሊግ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ከኔ ይከብዳሉ። ቶሎ መተኛት ልለማመድ ነው። በደንብ ካልጮህክብኝ አልሰማህም።»

«እሺ አለቃ።»

«እዚህ ቤት ግን አለቃ ነኝ። የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ዕቃውን እኩለ ቀን ላይ ሊወስድ ይመጣል፤ አንድ ቫልቭ ሳይመረመር ቀርቷል። ምን ትጠብቃለህ?»

ኢሪኖ ተነሥቶ ወደ ቦታው ሄደ። የቀረውን ቫልቭ ጥርቅም አድርጎ ዘጋና ከውሃው ገንዳ ውስጥ አጠለቀው፤ ውስጡም የታመቀ አየር ለቀቀበት። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ዓይኑን ከውሃው አላነሣም። አንድም አረፋ አልወጣም፤ ስንጥቅ የለውም። አወጣው፣ በጨርቅ አደረቀው፣ ቁጥሩን የያዘውን ካርድ በቫልቩ አንገት ላይ አሰረና ከሌሎቹ ጎን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።