ቀስት የሌለው ቱቦ

1

የትኛው ጫፍ ነው ላይ?

2

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሐይቅ ወለል በቱቦ በሚወጣ ደለል ውስጥ ከታች ያለው የቀደመ፣ ከላይ ያለው የቅርብ ነው። ጥቁሩ ጭቃ ሐይቁ ሞልቶ የነበረበት ዘመን፣ ነጩ ደግሞ የጎደለበት። ስለዚህ ቱቦው ከውሃ እንደወጣ፣ ገና እጅ ሳይታጠብ፣ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ይሳልበታል።

የመጨረሻው ቱቦዬ ቀስት የለውም።

አንዱ ጫፉ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር። እንዲህ ባቆመው ድርቁ አልፎ ዝናብ መጣ። ብገለብጠው ዝናቡ ሄዶ ድርቅ ገባ። የሺህ ዓመታት የአየር ንብረት እንደ አሸዋ ሰዓት እጄ ላይ ይገለባበጣል፤ የጥናቴ መደምደሚያም አብሮት።

3

አንባቢዎቼ፣ የምትሉትን አውቃለሁ። ናሙና ውጭ አገር ልኮ ዕድሜውን ማስለካት ይቻላል። ይቻላል፤ ወራት ይፈጃል እንጂ።

ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለመደወል ሰበብ ፈልጌ ነበር።

4

ቱቦውን ያወጣችው ፋንታነሽ ናት። የሥራ ባልደረባዬ፣ ጓደኛዬ።

ነበረች።

ሁለት ጀልባ አጣምረን በሠራነው መድረክ ላይ ሆነን ስንቆፍር ወንድሜ ደወለ። «እማዬን ትንሽ አሟታል፣ ነይ» አለኝ። «ትንሽ አሟታል» ምን ማለት እንደሆነ ያገሬ ሰው ያውቃል። የዓሣ አጥማጆች ጀልባ መጥቶ ወሰደኝ። ቱቦው ጭቃው ውስጥ እንደተተከለ ነበርና ፋንታነሽ ቀረች።

ለቅሶ አልደረሰችም።

ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው ወጣ። እማዬን በመልክ እንኳ የማያውቅ የእድር ሰው መጥቶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። እሷ የለችም። እናቴ እኔን «ጭቃ ሹም» እያለች ስትቀልድብኝ፣ ፋንታነሽን ግን «ልጄ» ነበር የምትላት። እሷም አልደወለች፣ እኔም አልደወልኩ። ሆዴ ቆረጠ ብዬ ነበር። አልቆረጠም።

5

ጠዋት ማቀዝቀዣ ክፍሉን ስከፍት ቱቦዎቹን «ደህና አደራችሁ?» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ እየሳቅኩ ነበር የምላቸው። አሁን አልስቅም። ከእነሱ ሌላ ደህና አደርሽ የምለው ሰው የለኝም።

6

ደወልኩ።

እኔ፦ ጌጤነሽ ነኝ።

ፋንታነሽ፦

እኔ፦ ለሥራ ነው። የመጨረሻው ቱቦ ቀስት የለውም። የትኛው ጫፍ ነው ላይ?

ፋንታነሽ፦ አላውቅም፣ ጌጥዬ።

እኔ፦ አንቺ አይደለሽ እንዴ ያወጣሽው?

ፋንታነሽ፦ እኔ ነኝ። አንቺ እንደሄድሽ ወንድምሽ ለኔም ደወለልኝ። እውነቱን ነገረኝ። ውሃው መሃል ብቻዬን ሆኜ፣ ቱቦውን እየሳብኩ ጮኼ አለቀስኩ። ቀስት ማን ትዝ ብሎት።

እኔ፦ ታዲያ ለምን አልመጣሽም?

ፋንታነሽ፦ ጥዬው ብመጣ ያ ሁሉ ልፋትሽ ሐይቅ ውስጥ ሊቀር ነው። ጨርሼ ስመለስ ሠልስቱ አልፏል። ከዚያ አፈርኩ። አንዴ በራችሁ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ሲቆይ ደግሞ ባሰ፤ በምን ፊቴ ልግባ?

እኔ፦

ፋንታነሽ፦ ለእማዬ አፈሩን ገለባ ያድርግላት።

7

ናሙናውን ልኬዋለሁ። ነጩ ቀደመ ወይስ ጥቁሩ፣ መልሱ ሲመጣ ይታወቃል።

ከዚህ በታች ያለውን የኔን መልስ ግን ጽፌ ሰረዝኩት፤ ደግሜ ጽፌ ደግሜ ሰረዝኩት። የቅርብ ሰው ለቅሶ ያልደረሰለት ይሙላው።

8

ፋንታነሽ፦ ጌጥዬ፣ አለሽ? አሁን ብመጣ… ለቅሶ ልድረስ?

እኔ፦